ዋግ የማይደፍረው ስንዴና የእማማ ደሪቱ ሊጥ

ኦቦ ምልኬሳ ጎሮ ታክሲ ተራ የሰኔን ዝናብ ተጠልለው ሳለ፣ ሊሸሿት የፈለጓት ልጅ ፊት ለፊት መጣችባቸው። ቢሊሴ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ተምራ የስንዴ ዝርያ ከሚያዳቅሉ ተመራማሪዎች ጋር ትሠራለች። አምና አዲስ ዘር የሰጠቻቸውም እርሷው ናት። ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸውና ዘንድሮ የትኛውን እንደሚዘሩ ጠየቀች።

«የአባቴን» አሉ ቆፍጠን ብለው።

ለሽማግሌው ከከተማው መስፋፋት የተረፈችላቸው ለሚ ኩራ ጫፍ ያለች አንዲት ማሳ ናት። የጥር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእርሳቸው ነው፤ በእነርሱ ቤት ደግሞ ማኅበርተኛን በገበያ ስንዴ ማስተናገድ ታይቶ አይታወቅም። አምና ማሳዋን ከፍለው ሁለቱንም ዘርተው ነበር፤ የአባታቸውን ዘር ግን ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ መትቶት ፍሬው ጫጭቶ ቀርቷል። ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ ድርቅ ያሉት።

«ዋግ እኮ ጠባዩን ይለዋውጣል፣ አባባ» አለች ቢሊሴ። «የአሁኑ በአባትዎ ጊዜ የነበረው አይደለም።»

«ያንቺ ዘር ዋጉን ችሏል፤ አልዋሽም። ዳቦው ግን እንግዳ ፊት ተፈረካክሶ አሳፈረን። እህል የሚዘራው ሊታይ ነው ወይስ ሊበላ?»

ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም፤ ልጅቷም አልናቀችውም። ዋግ የቻለ ሁሉ እንደማይመረጥ፣ ከየዝርያው ዳቦ ጋግረው ኩፍ ያላለውን እንደሚጥሉ ነገረቻቸው። ከዚያ ሊጡ እንዴት እንደተቦካ ስትጠይቅ ኦቦ ምልኬሳ ከልባቸው ሳቁ። ለሚስቴ ለደሪቱ ቡኮ የሚያስተምር ገና አልተወለደም አሏት።

በነጋታው ግን ቤታቸው ሄደች። እማማ ደሪቱ ከአዲሱ ስንዴ የተረፈውን ዱቄት አውጥተው ውሃውን እንደ ልማዳቸው በዐይናቸው ልክ ጨመሩ። ሊጡ ጠጠረ።

«እማማ፣ ይሄ ዱቄት ውሃ ይወዳል። ይጨምሩለትና ረዘም አድርገው ይሹት» አለች ቢሊሴ።

እማማ ደሪቱ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም ጨመሩ። ሊጡ እየለሰለሰ እጃቸውን ተከትሎ ሲለጠጥ ፊታቸው ፈታ አለ። «ጥፋቱ የስንዴው አይደለም፤ አዲሱን በአሮጌው ልክ አቡክቼ ነው። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» አሉ።

ድፎው ኩፍ ብሎ ወጣ። ኦቦ ምልኬሳ ቆርሰው ቀመሱ፣ ደገሙ። ደስ አላቸው፤ ሆዳቸው ግን ባባ። «የአባቴ ስንዴ ጠፋ በይኛ» አሉ።

«አይጠፋም። መዓዛው ሌላ ዘንድ የለም። ዘሩን ይስጡኝና ዋግ ከቻለው ጋር እናዳቅለው። ዓመታት ይፈጃል እንጂ ሁለቱንም የወረሰ ይገኛል።»

«ልታጋቢው ነዋ። ታዲያ ሽማግሌ ሳይላክ ይሰጣል?»

እሑድ ዕለት አባቷ እየሳቁ መጥተው በወጉ ጠየቁ፤ ዘሩም ተሰጠ።

ክረምቱን ማሳው አዲሱን ስንዴ ለበሰ። የጎረቤት ማሳ በዋግ ሲነድ የእርሳቸው መድኃኒት ሳይረጭበት ከረመ፤ ጎተራውም ለማኅበሩ፣ ለቤቱና ለመጪው ዘር በቃ። አሮጌ ልማድ መርምረው የለወጡ ሰዎች የሚያገኙት ይህንን ነው።

በጥር ሚካኤል ማኅበርተኛው ድፎውን እየቆረሰ ዘሩን ለመነ።

«እሰጣችኋለሁ» አሉ ኦቦ ምልኬሳ፣ «መጀመሪያ ግን ቡኮውን ከደሪቱ ተማሩ።»