ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ጥያቄ

ከአያ እንዳላማው ቤት እከክ ከገባ ወዲህ ቤተ ሰቡ እንቅልፍ አጥቷል። ሽማግሌው ከመንደራቸው ከአምበር ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወረፋ ሊይዙ ሲገሰግሱ፣ የጎረቤታቸው የአካለ ወልድ ልጅ ዜማ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደጃፍ አገኘቻቸው። ፋርማሲስት ናት።

«አያ፣ ለእከክ ከሆነ ለምን ይጉላላሉ?» አለች ችግራቸውን ሰምታ። «አዲሱ ሕግ የእከኩን ኪኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ የታካሚውን ጤና ጠይቀን እንድንሰጥ ፈቅዶልናል።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሕግ ሲላላ አይወዱም።

«ልጄ፣ መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ነው። ዛሬ ያለ ወረቀት ከሰጣችሁ ነገ እንደ ጨው ገበያ ላይ ሊቸረቸር ነው። የአንዱን ኪኒን አንዱ እየዋጠ ስንቱ ተጎዳ!»

«እውነትዎን ነው። ለዚህ እኮ ነው ሕጉ ‹ጠይቀሽ ስጪ› እንጂ ‹ዝም ብለሽ ስጪ› ያላለኝ። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የሥራ ቀን ይቃጠላል፤ ብዙው ሰው ታዲያ እቤቱ እያከከ ይቀርና ለጎረቤቱም ያዛምታል።»

ይህስ አልጠፋቸውም። «በይ እንግዲያ፣ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ስጪኝ» አሉ።

«መልካም፤ የሚያሳክከው ብቻ ቢታከም በሽታው ይመለሳል። ትንሽ ሕፃን አለ?»

«የለም።»

«ነፍሰ ጡርስ?»

አያ እንዳላማው ወዲያ ወዲህ ተገላመጡ። ምራታቸው ያለምወርቅ ገና መፀነሷ ነው፤ እርግዝና ደግሞ ሳይገፋ አይወራም፤ ምቀኛው አለ፣ ዓይነ ጥላው አለ። አማት የምራቱን ሆድ ለባዕድ ማውራቱማ ጨርሶ ነውር ነው። «የለችም» ብለው ሊገላገሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል? የሰው ጓዳ መፈተሽ ነውር አይደለም?»

«ሐኪሙም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቅዎታል። ኪኒኑ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከደበቁኝ ሳላውቅ እጎዳታለሁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትሉ የለም?»

ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው። ስንት ዓመት የለመኑት የልጅ ልጅ ነው፤ በገዛ ሐፍረታቸው ሊያጠፉት ኖሯል! ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ምራቴ አለች» አሉ።

ዜማ አልሳቀችም። የሌሎቹን ዕድሜና ጤና ጠይቃ ኪኒኑን ሰጠቻቸው፤ ለያለምወርቅ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ ቅባት ለየች። «ሁላችሁም በአንድ ቀን ጀምሩ፤ ልብሱንና ምንጣፉን በፈላ ውኃ እጠቡ። ካልተሻላችሁ እኔው ራሴ ሐኪም ዘንድ እልካችኋለሁ» አለቻቸው።

ቤቱ ሁሉ ዳነ። ሥራ አልተፈታም፣ ሆስፒታሉም ለባሰበት ሕመምተኛ ቦታ ተረፈው። ያ ተከራካሪ ሽማግሌም የሕጉ ጠበቃ ሆኑ። ወራት አልፈው፣ ሰንበቴ ላይ ትዕዛዙ የተባለ ጎረቤታቸው ክንዱን እያከከ «እነዚያ መድኃኒት ቤቶች ምንድን ነው የሚጠይቁት?» ቢላቸው፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹበት።

«ምራትህ አርግዛ እንደሆነ ነዋ! ሳታፍር ንገራቸው። እኔ ተናግሬ ምን ሆንሁ?»

ከሴቶቹ መካከል ያለምወርቅ የገፋ ሆዷን ይዛ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።