እትዬ አስካለ ሳይመጡ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ መናፈሻ፤ ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሡ፣ ከተለያዩ ስድስት ወር የሆናቸው ፍቅረኞች፣ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ሮቤልና የሙሽሪት አንደኛ ሚዜ ፌቨን፣ በአበባ ያጌጠው መኪና አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ።

ፌቨን፦ ክንዴን ልቀቀኝ፤ ካሜራው ወደ ሙሽሮቹ ዞሯል።

ሮቤል፦ ካሜራማኑ "አትላቀቁ" አለ እኮ።

ፌቨን፦ እሱማ ሥራው ነው። አንተስ?

ሮቤል፦ እኔማ ምክንያት አግኝቼ ነው። ፌቪ፣ እንታረቅ።

ፌቨን፦ የሰው ቬሎ ስታይ ሆድህ ባባ? አይዞህ፣ ሰርግ ቤት የሚይዝ በሽታ ነው። ነገ በመልሱ ይለቅሃል።

ሮቤል፦ ቀልዱን ተይው። ከተለያየን ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

ፌቨን፦ አየሁ። ሱፉ አልቆለፍ ያለህ በረሃብ ነዋ።

ሮቤል፦ እሺ፣ በልቻለሁ። ግን ሳይጥመኝ ነው የበላሁት።

ፌቨን፦ ሳይጥምህ እንዲህ ከሆንክ፣ ቢጥምህማ ሙሽሪት ቃልኪዳን ቬሎዋን ታውስህ ነበር።

ሮቤል፦ ስደቢኝ፤ ድምፅሽን እስከሰማሁ ድረስ ግድ የለኝም። ጥፋቴን አውቃለሁ።

ፌቨን፦ የትኛውን? ብዙ ስለሆኑ እንዳንሳሳት በስሙ ጥራው።

ሮቤል፦ ያው… የእማዬን ቀን ነዋ።

ፌቨን፦ ጨርሰው እንጂ! እናትህ ሳይደውሉ ቤትህ መጡ። እኔ ወጥ ልሠራልህ ሽንኩርት እከትፋለሁ። "ይቺ ማናት?" አሉህ። ምን አልካቸው?

ሮቤል፦ ደነገጥኩ እኮ!

ፌቨን፦ "ውኃ ቆጣሪ ልታነብ መጥታ ነው" አልክ። ሽንኩርት የምትከትፍ ቆጣሪ አንባቢ! እኔ ሞኟ ደግሞ ላለማሳፈርህ ደጅ ወጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ አነበብኩልህ።

ሮቤል፦ እማዬ እኮ እስከ ዛሬ ታነሳሻለች። "ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ትሑት ናት፤ ሽንኩርት ሁሉ አገዘችህ" ትላለች።

ፌቨን፦ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ሦስት ዓመት ፍቅረኛህ ሆኜ፣ እናንተ ቤት የምታወቀው በመንግሥት ሠራተኛነት ነው።

ሮቤል፦ ለጽዋ ማኅበር ጓደኛዋ ልጅ ልትድረኝ አፏን ሞልታ ተናግራ ነበር። በዚያ ላይ ደም ግፊት አለባት። ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ፌቨን፦ ሦስት ዓመት የተቀመጠ እንቁላል አይሄድም ሮቤል፣ ይገማል።

ሮቤል፦ ምላስሽ!

ፌቨን፦ ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ሲሉ ነበር የሰማሁት። አንተ ግን ባስነጠሰህ ቁጥር እናትህ ጋ ትደውላለህ፤ የደበቅከው እኔን ብቻ ነው።

ሮቤል፦ ልክ ነሽ። ምን እላለሁ፣ ልክ ነሽ።

ፌቨን፦ አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ እህል እምቢ ሲል ማን ነበር የሚያጎርሰው? አንተ። "የሮቤል እጅ ይሻለኛል" ይል ነበር። አሁንም በደወልኩ ቁጥር "ያ ልጅ የት ገባ?" ይለኛል። እኛ ቤት አንተ ልጅ ነህ፤ እናንተ ቤት እኔ የለሁም። ያመመኝ ይሄ ነው፤ ዛሬም ያመኛል።

ሮቤል፦ ጠልተሽኛል ማለት ነው?

ፌቨን፦ ብጠላህማ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ሮቤል፦ ታዲያ እኮ! ምን ላድርግ፣ ንገሪኝ።

ፌቨን፦ እናትህ እዚሁ ሰርግ ላይ ናቸው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ "ይቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?" ሲሉህ ሰምቻለሁ። መልስህን ነው ያልሰማሁት።

ሮቤል፦ "ሰው ከሰው ይመሳሰላል" አልኳት።

ፌቨን፦ አይ ጀግና! ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመህ!

ሮቤል፦ ሰው በዝቶ ነው እኮ! አሁን ግን ቆርጫለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስትመጣ ፊት ለፊትሽ እነግራታለሁ።

ፌቨን፦ ከነገርካቸው ታረቅን። ያለፈውን አንዲት ቃል አላነሣብህም።

ሮቤል፦ እውነትሽን ነው?

ፌቨን፦ አባቴ ይሙት!

ሮቤል፦ እንግዲያው ዛሬ ሁለት ሰርግ ነው በይ!

ፌቨን፦ በል ዙር፣ ያውልህ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው እየመጡ ነው።

ሮቤል፦ የት? ውይ… አሁን? ከኬኩ በኋላ ቢሆን አይሻልም?

ፌቨን፦ ኬኩ ምን ያደርግልሃል?

ሮቤል፦ ጣፋጭ ስትቀምስ ፊቷ ይፈታል። ደግሞ ፀሐዩን እይው፣ ግፊቷ…

ፌቨን፦ ሮቤል፣ እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን በሥርዓቱ ጥራው። ደረሱ።

ሮቤል፦ እማዬ! ደከመሽ አይደል? ነይ ጥላው ሥር። እ… ተዋወቂያት፣ ፌቨን ትባላለች። እሷ እኮ… እኔና እሷ… እንትን… ዛሬ አብረን ሚዜ ሆነን ነው።

ፌቨን፦ እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ! ልጅዎ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ነበር፤ ይኸው ዛሬ በደህና አስረክቤዎታለሁ።