ያልረጋው ወተት

አቶ ገረመው ሲናደዱ ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ ሰው ካጡ ከጆንያ ጋር ይጣላሉ። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላም ለላሞቻቸው ፉርሽካ ገዝተው ወደ ቦሌ ሚካኤል ሲመለሱ፣ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወሩ «ክበድ እንግዲህ፤ ያልከበድከኝ አንተ ብቻ ነበርክ» ይሉት ነበር።

እውነትም የቀናቸው ነገር አልነበረም። ለአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሸጡት እርጎ አልረጋ ብሏል። ወተቱ ቢያድር ቢሰነብት ያው ወተት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ማሰሮውን አሽተው አጠቡ፣ በወይራ አጠኑ፣ ከጎረቤት እርሾ ለመኑ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አቶ ገረመው ሌላ ምክንያት ስላጡ ብቻ፣ «እጅሽ ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም፣ ንጽሕናሽን ጥለሻል» አሏቸው። ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን ደረቡና አያት ሰፈር፣ ገበሬዎቹ መንደር ወደምትኖረው እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ባዩበት ትዳር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ከብት የሚያክም ሁሉ ተምሮ፣ ተመዝግቦና ፈቃድ ይዞ እንዲሠራ፣ የሐኪሙ ረዳቶችም እንዲሁ እንዲመዘገቡ የሚያዝ ረቂቅ ደንብ መጥቶ፣ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ተብሏል። የመንደሩ ላም ባለቤቶችም «አንደበት ያለዎት እርስዎ ነዎት» ብለው ደንቡን የመቃወሙን ሸክም የጣሉት በአቶ ገረመው ላይ ነው።

መንገድ ላይ ዝናቡ በድንገት ሲወርድ አቶ ገረመው አንድ የብረት በር ከሚሠራበት ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። እዚያው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ፈለቀች ልጅ ዘርፌ ቆማለች። ዘርፌ ደብረ ዘይት ተምራ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆናለች። አቶ ገረመው ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን ዝናቡ ሁለቱንም ከአንድ ጣሪያ ሥር አስሯቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ገረመው ላም ቦቂት ጡቷ አብጦ በታመመች ጊዜ መጀመሪያ የተጠራችው ዘርፌ ነበረች። ጡቷን በሞቀ ውሃ እያሻችሁ ቶሎ ቶሎ አልቧት፣ ነገ ከሐኪሙ ጋር ተመልሼ እመጣለሁ ብላ ሄደች። መርፌ ግን አልወጋችም። በዚያ ሰፈር ደግሞ መርፌ ሳይወጋ የሄደ ሐኪም፣ ሐኪም አይባልም። አቶ ገረመው ነገን አልጠበቁም፤ አበልጃቸውን ቢተውን አስጠሩ። ቢተው በክትባት ዘመቻ ጊዜ ከብት ሲይዝ ከርሞ፣ ከብት መያዙን ትቶ መርፌውን የያዘ ሰው ነው። መጥቶ ወጋ፤ በማግስቱም መጥቶ ወጋ፤ እስከዚያች ሐሙስ ድረስ ሲወጋ ሰነበተ።

«ቢተውን እንጀራውን ልትነሡት ነው አሉ» አሉ አቶ ገረመው፣ ዝናቡን እያዩ።

ዘርፌ እንጀራውን የሚነሳው እንደሌለ በትሕትና አስረዳች። የልምድ ሠራተኞች ሥልጠና እንዲያገኙ፣ ከዚያ በኋላ ምን መሥራት እንደሚፈቀድላቸውና እንደማይፈቀድላቸው ተለይቶ እንዲጻፍ ነው ሐሳቡ። አቶ ገረመው ሥልጠና የሚባል ነገር ሲሰሙ ጭራሽ ባሰባቸው።

«ስሚ ልጄ፤ ቢተው በሌሊት ስጠራው በጭቃ ይመጣል። የናንተ ሐኪም ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም አላይ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው የምንፈራው።»

«በዚህስ እውነትዎን ነው ጋሼ» አለች ዘርፌ። «ሐኪም አንሷል፤ ማታ የሚገኝ የለም። እሑድ ይህንንም ይናገሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቢተው ቢሳሳት ማንን ይጠይቃሉ?»

«ማንን እጠይቃለሁ? እግዜር ያመጣው ነው እላለሁ።»

«አዩ! እኔ ብሳሳት ግን የሚጠይቀኝ እንዲኖር ነው ደንቡ። እኔንም ያስረኛል። ሐኪሙ ሳያዝ መድኃኒት ልስጥ ብል፣ ቀዶ ጥገና ልሞክር ብል፣ ስሜ ከመዝገብ ይሰረዛል።»

አቶ ገረመው ትክ ብለው አዩዋት። የገዛ እጇን ለሚያስር ሕግ የምትሟገት ሰው አይተው አያውቁም። ወሬውን ለማስቀየር ያህል፣ ቦቂት ደኅና ናት፣ እብጠቱ ጎድሏል፣ ያስቸገረኝ የብርነሽ እጅ ነው ብለው የእርጎውን ጣጣ ዘረገፉላት። ዘርፌ ቦቂት ከተወጋች ወዲህ ወተቷን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀች። ከሌላዋ ላማቸው ከዳማ ወተት ጋር ቀላቅለው ለእርጎ ነዋ! ቢተው ስለ ወተቱ ምንም አልነገራቸውም።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ይገባል» አለች። «የጡቷን በሽታ የሚገድለው ያው መድኃኒት እርሾውንም ይገድለዋል። ታዲያ ወተቱ በምን ይርጋ? መርፌው ካበቃም በኋላ ሐኪሙ እስከሚለው ቀን ድረስ ይደፋል እንጂ አይሸጥም። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው፣ ሕፃን ልጅም ይጠጣዋል እኮ። እትዬ ብርነሽ ምን አደረጉ?»

አቶ ገረመው ይህን ማመን አልፈለጉም። ካመኑ ጥፋቱ ከማን ራስ ላይ እንደሚወርድ ገብቷቸዋል። የዳማን ወተት ለብቻው፣ በዚያው ማሰሮ፣ በዚያው እርሾ ሞክረው እንዲያዩ ነግራቸው፣ ዝናቡ ሲያባራ ተለያዩ።

ያን ማታ አቶ ገረመው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰሮ አጠኑ። ጢሱ ዓይናቸውን ለበለበው፣ ወይራው እጃቸውን ፈጀው፤ ብርነሽ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ችላው ኖረች ብለው አጉረመረሙ። የዳማን ወተት ከማሰሮው፣ የቦቂትን ከሌላ ዕቃ አደረጉ። ቅዳሜ ጧት ቢከፍቱ የዳማው ልክ እንደ ድሮው ረግቶ ቆሟል፤ የቦቂቱ ያው ወተት ነው። የዳማው የረጋበት ማሰሮ ያው የድሮው፣ እርሾው ያው። እጁ ደግሞ የብርነሽ እንኳ አይደለም፤ የእርሳቸው ሻካራ እጅ ነው። ቁጭ አሉና ራሳቸውን ያዙ።

ቢተውን አስጠርተው ወተቱ መደፋት እንዳለበት ያውቅ እንደነበር ጠየቁት። ቢተው ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፋ።

«ሲሉ ሰምቻለሁ አበልጄ። ግን ወተት ድፉ ያልኩበት ቤት ሁለተኛ ማን ይጠራኛል? እኔ ድፉ ስል ሌላው ወጊ ዝም ይላል፤ እናንተም እሱን ትጠራላችሁ።»

አቶ ገረመው ሊሰድቡት ሲሉ ነገሩ ገባቸው። ልክ ነዋ! ድፉ ቢላቸው ኖሮ እርሳቸው ራሳቸው ደግመው አይጠሩትም ነበር። ወገኖቼ፣ እውነት የሚናገር ሰው ሥራ የሚያጣበት፣ የሚደብቅ የሚጠራበት መንደር ምን ዓይነት መንደር ነው? እኛ ግን እንዲህ ሆነን ስንኖር ቡዳ በላን፣ እጅሽ ቆሸሸ እያልን ነው።

እሑድ መፈክሩ ተባለ፤ ሊቀመንበሩም ረጅም ንግግራቸውን ጨረሱ። የላም ባለቤቶቹ ተቃውሟቸውን ሊሰሙ አንገታቸውን ሲያሰግጉ አቶ ገረመው ተነሡ።

«የላካችሁኝ ለሌላ ነበር፤ አልሆነልኝም» አሉ። «ወተቴ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ሚስቴን ጠየቅኋት። ጥፋት ባለቤት ሲያጣ የሚወድቀው ከማይከራከር ሰው ራስ ላይ ነው። ደንቡ ይውጣ። የሚያክመን ሰው ምን እንደተማረ እንወቅ። ረዳቱም የሥራው ድንበር ይታወቅለት። የሚወጋ ሰው ሁሉ ‹ወተቱን ድፉ› የማለት ግዴታ ካለበት፣ እውነቱን የተናገረው አይጎዳም፤ ገዢያችንም ያምነናል። ቢተው ይማር፤ መርፌ ከመያዙ በፊት መጽሐፍ ይያዝ። መንግሥትም በበኩሉ በሌሊት የሚጠራ ሐኪም ለቦሌ ሚካኤል ይስጠን፤ ያለዚያ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።»

ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። ከኋላ ግን ቢተው እጁን አውጥቶ፣ ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለመቃወም የደፈረ አልተገኘም፤ ጸሐፊውም የአቶ ገረመውን ቃል እንዳለ መዘገበ።

አቶ ገረመው ጭብጨባውን አልጠበቁም። የዳማን እርጎ በማሰሮው አቅፈው፣ በጭቃው አያት ድረስ ሄዱ። ወይዘሮ ብርነሽ ከእህታቸው ደጃፍ ምስር ይለቅማሉ፤ ቀናም አላሉ። አቶ ገረመው ከመርፌው ጀምረው እስከ ስብሰባው ድረስ የሆነውን ሁሉ፣ ያለ አንዳች ጭማሪ ተናገሩ። ወይዘሮ ብርነሽ እርጎውን ቀመሱና ማሰሮውን ከደኑ።

«ረግቷል» አሉ። «ከብት የሚወጋ ይጠየቅ ማለትዎም መልካም ነው። በሚስቱ ላይ ሳይመረምር የሚፈርደውንስ ማን ይጠይቀዋል?»



«አንቺ» አሉ አቶ ገረመው።

«እንግዲያው ማሰሮውን ያንሡ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያጥኑትም እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን ደርበው ከፊት ቀደሙ። አቶ ገረመው ማሰሮውን ተሸክመው ተከተሉ። ከባድ ነበር፤ መንገዱም ያዳልጣል። እስከ ቦሌ ሚካኤል ድረስ ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩትም።