ኦትስን ነሐሴ ላይ የመረጠው ሰው

ኮልቢ፣ ኬኩ ቸኮሌት ነው። አንተ የማትወደው። ማርሊስ የካሮት ይሁን ብላ ነበር፤ የሰማት የለም። ኬኩም አንድ ብቻ ነው። በግማሹ ላይ “ደህና ሁን ዌስ” ተብሎ ተጽፏል፣ በሌላው ግማሽ ላይ “ለሻምፒዮናችን”። ሻምፒዮኑ ማን እንደሆነ ብነግርህ ሹካህን ትወረውራለህ። ትንሽ ታገሰኝ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ሰላም ልበል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የእንጨት መጋዘናችን ሠራተኞች፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ማርሊስ፣ ከሒሳብ መቀበያሽ ተነስተሽ ማሞቂያውን ወደ እኔ ስላዞርሽልኝ አመሰግናለሁ። ዱዌን፣ ለአጋዘን ቋሊማው አመሰግናለሁ። እንደ ሁልጊዜው ጨው በዝቶበታል።

ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ለኬኩ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ሁሉም ሰው “ገስ” ነው የሚልዎት፤ እኔም እንደዚያ እልዎት ነበር። ዛሬ አልችልም።

ደግሞ እንዳንዋሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጣውላ የሚጭን ተማሪ ሥራ ሲለቅ ኬክ አይቆረስለትም። ይህ ኬክ የተቆረሰው የኮልቢ ወንድም ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ስለ ኮልቢ እናገራለሁ። ስለ ኮልቢ ለመናገር ደግሞ ጃረል ኦትስ ስለሚባል፣ በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ በእጁ ይዞ ስለሚሮጥ ተጠባባቂ ሯጭ መናገር አለብኝ።

ከገና ወዲህ የተቀጠራችሁት ሁለታችሁ እንዳትቸገሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የዚህ ቤት ሰዎች በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እውነተኛ የፉትቦል ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ። ለሳምንቱ የተሰለፉት ተጫዋቾች እሑድ ሜዳ ላይ የሠሩት ሁሉ ለመረጣቸው ሰው ነጥብ ይሆናል፤ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ግን አይቆጠርለትም። ፋንታሲ የሚባለው ይኸው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያሸነፈ ሰው ስሙ በጋለ ብረት እዚያ በተሰቀለው ጣውላ ላይ ይጻፋል። ብረቱ አሁን ሶኬት ላይ ነው፤ ይሸተኛል።

ኮልቢ ነሐሴ ላይ፣ ሁሉም ሰው መርጦ ሲደክምና ፒዛው ሲቀዘቅዝ፣ በመጨረሻው ተራ “ጃረል ኦትስ” አለ።

“ማን?” አለ ዱዌን።

“ኦትስ።”

“አጃ ነው ወይስ ሰው?”

ሁላችሁም ሳቃችሁ። የኦትስ ስም የቁርስ አጃ ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮልቢ የሥራ ቁም ሣጥን ላይ የአጃ ካርቶን ተለጥፎ ይገኝ ነበር። ዱዌን፣ አንተ እንደሆንክ እናውቃለን። ካርቶን ጠማማ አድርጎ የሚቆርጥ አንተ ብቻ ነህ።

መኪና ውስጥ ወደ ቤት ስንሄድ እኔም ጠየቅሁት። “ለምን? ዋናው ሯጭ እኮ ጤነኛ ነው። ኦትስ ኳስ እንኳ አይሰጠውም።”

“ተጠባባቂ ሲገመገም ኳስ ይዞ ምን እንደሠራ አይታይም” አለኝ። “ኳስ አላገኘማ! ምኑን ታያለህ? ኳስ ሳይዝ ምን እንደሚሠራ ነው የሚታየው።”

“ምን ይሠራል ታዲያ?”

“ኳስ ወርዋሪውን ከጥቃት ይጠብቃል። ጨዋታው ሲጨንቅ፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ወርዋሪውን ሊገነድሰው ሲመጣ፣ አሰልጣኙ ዋናውን ሯጭ ያስወጣና ኦትስን ያስገባል። አየህ፣ ሦስተኛ የሆነ ሌላ ፈጣን ልጅም አላቸው፤ ጋዜጠኛው ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው። ግን ወርዋሪያቸውን ለእሱ አደራ አይሰጡም። ዋናው የተጎዳ ቀን ቦታው የኦትስ ነው። ዋናው ደግሞ ዕድሜው ሄዷል፣ በየጨዋታው ይደበደባል፣ አይቆይም።”

“እስከዚያ ድረስስ?”

“እስከዚያ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል። ምን አስቸኮለን?”

መስከረምም ጥቅምትም እንደዚያው አለፈ። በየሰኞው ዱዌን “አጃህን ጣልና ሰው ውሰድ” ይለዋል። ሚስተር ሃልቨርሰን፣ እርስዎም ቡናዎን ይዘው መጥተው “ነጥብ የማያመጣ ሰው ቦታ ያጣብባል” አሉት። ኮልቢ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም ኮልቢ ራሱ በዚህ ቤት ምን ነበር? ስድስት ዓመት ሙሉ ቋሚ ሆኖ አያውቅም። ሰው ሲጎድል የሚጠራ ነበር።

“ገስ፣ ቋሚ መቼ ነው የምታደርገኝ?”

“ክፍት ቦታ ሲገኝ።”

“ዱዌን ጀርባው ሲቆረጥ ማለት ነው?”

“ጀርባዬ ይሰማሃል፣ አንተ ልጅ!”

ቀልድ ነበር። ስድስት ዓመት የቆየ ቀልድ።

የኅዳሯን ቅዳሜ ታውቋታላችሁ። የኮልቢ የዕረፍት ቀን ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበርኩ። እዚህ ሰው ጎደለ፣ ስልክ ተደወለ፣ ኮልቢ “እሺ” አለ። ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆን ነበር። ድልድዩ ላይ መኪናው ከእጁ ወጣ። ማን እንደቀረ አልጠይቅም፤ ሰው ይታመማል። ማን እንደደወለም ሁላችንም እናውቃለን፤ መደወል ወንጀል ነው አላልኩም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ የካም ሳንዱች ይዤ ቆሜ ሳለ ሚስተር ሃልቨርሰን ትከሻዬን ያዙኝ። “ዌስ፣ በፉትቦል አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩ ይነሳል” አሉኝ። “የኮልቢ ቦታ ያንተ ነው። ሰው ሲጎድል እደውልልሃለሁ።”

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ሰምታለች። ሰምታለች እኮ ነው የምላችሁ!

ኮልቢ ከሞተ በሁለተኛው እሑድ ዋናው ሯጭ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ጉልበቱ ተሰበረ። ማን ገባ? ጋዜጠኛው የሚያወራለት ፈጣኑ ልጅ? አይደለም። ኦትስ። ሮጠ፣ ተቀበለ፣ ሁለት ጊዜ ግብ አገባ። በኮልቢ ቡድን ውስጥ ተሰልፎ ነበርና ነጥቡ ሁሉ ለኮልቢ ሆነ። ያን ሳምንት የኮልቢ ተጋጣሚ ማን ነበር? ሚስተር ሃልቨርሰን። የሞተው ወንድሜ አሸነፋቸው። በሰፊው አሸነፋቸው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ እዚህ ክፍል ስብሰባ ተደረገ። መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ጸሎት ተደረገ አሉ። ከዚያ ሚስተር ሃልቨርሰን “ይህ ቡድን ባለቤት የለውም፤ ማንም በማይመራው ቡድን መሸነፍ ለሌሎቻችን ፍትሐዊ አይደለም” አሉ። ቡድኑ ይበተን፣ ተጫዋቾቹን የፈለገ ይውሰድ ተባለ። እጅ ወጣ። ማርሊስ ብቻ “ልጁን ለምን አትጠይቁትም?” አለች። “ልጁ ኀዘን ላይ ነው፣ በዚህ አናስቸግረው” አሏት። እንዴት ያለ አሳቢነት ነው!

በዚህ ቤት ደንብ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ክፉኛ የተሸነፈ ሰው ቀድሞ ይመርጣል። ክፉኛ የተሸነፈው ማን ነበር? በኮልቢ የተሸነፉት ሰውዬ። ማንን መረጡ? ኮልቢ፣ ሹካህን አስቀምጥ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። በኦትስ ጫንቃ እስከ መጨረሻው ሄዱና ዋንጫውን በሉ።

አይ፣ ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ይቀመጡ። አልጨረስኩም። ንግግር አድርግ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

እርስዎ ኦትስን የገመገሙት የሌላ ሰው ጉልበት ከተሰበረ በኋላ ነው። ያንን ማንም ይችላል። ኮልቢንም እንደዚያው ነው የገመገሙት፤ ሰው ሲጎድል ብቻ ነው ዋጋው የሚታይዎት። በመካከሉ፣ ማንም ሳይጎድል፣ ኮልቢ ምን ይሠራ እንደነበር አይተዋል? ማርሊስ ወንዶቹ ደንበኞች ሲጮኹባት አጠገቧ መጥቶ የሚቆመው ማን ነበር? ዱዌን ጀርባው ሲያመው ከባዱን ጫፍ የሚያነሳው ማን ነበር? ለዚህ ነጥብ የለውም፣ አውቃለሁ።

ዱዌን፣ አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም። ያን ሰኞ እጅህን አውጥተሃል፤ ማርሊስ ነግራኛለች። ከቀብሩ ወዲህ በየጠዋቱ ተነስተን በራችን ላይ ያለውን በረዶ ተጠርጎ ስናገኘው ግን እናቴ ጎረቤት መስሏት ነበር። እኔ ዱካውን አይቻለሁ። እንደ አንተ ግራ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ጎረቤት የለንም። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደማደርጋቸው አላውቅም። አሁንም ተናድጄብሃለሁ። በረዶውን ስለጠረግህልን አመሰግናለሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የኮልቢ ስም ሻምፒዮን ተብሎ ይጻፍ አልልም። አያሸንፍም ነበር፤ ከኦትስ በቀር የመረጣቸው ሁሉ እንጨት ናቸው። ጣውላው ላይ የሚስተር ሃልቨርሰን ስም ይጻፍ። ከሥሩ ግን “ኦትስን ነሐሴ ላይ የመረጠው ኮልቢ ነው” ተብሎ ይጻፍ። ብረቱ ግሏል። ቦታም አለ። ይህን የሚጽፍ እጅ ከመካከላችሁ ካለ ያውጣ። ያን ሰኞ እንዳወጣችሁት።

ወዴት ልትሄድ ነው ላላችሁኝ፣ የትም አልሄድም። ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ስልክ ሲደወል ግን አላነሳም።

ማርሊስ፣ የምትጠይቂው ሁሉ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ይስጥሽ። ዱዌን፣ ጀርባህን ይጠብቅልህ፣ ሽማግሌው። አዲሶቹ፣ በሰው መጎዳት ሳይሆን በራሳችሁ ቋሚ ለመሆን ያብቃችሁ። ሚስተር ሃልቨርሰን፣ በዚህ በበረዶ ወቅት ሠራተኛዎን ሁሉ ጤና ይስጥልዎ፤ አንድም ሰው አይጉደልብዎ፤ ማንንም ከቤቱ መጥራት አያስፈልግዎ። ሁላችሁንም መንገዱን ደረቅ ያድርግላችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። “ቡድኑ ባለቤት የለውም” ብላችሁ ነበር። ኦትስ ዓመቱን ሙሉ በኮልቢ ቡድን ወንበር ላይ ነበር። ማን አሰለፈው? ሟች? ይህን ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

ኮልቢ በሞተ ማግስት እሑድ ነበር። እሑድ ጠዋት ኮልቢ የመኝታ ክፍሎቻችንን የሚለየውን ግድግዳ ከወዲያ ማዶ ይደበድብና “ተነስ፣ ሰልፍ እናውጣ!” ይለኝ ነበር። ያን ጠዋት ነቅቼ ተኝቼ ጠበቅሁ። ግድግዳው ዝም አለ። ተነሳሁና ወደ ኩሽና ሄድኩ። ፖሊሱ በላስቲክ አድርጎ ያመጣው የኮልቢ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ሲበራ “ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ ሰልፍህን አረጋግጥ” ይላል። በየሳምንቱ “ኦትስን እናስገባው?” ስለው “ገና ነው” ይለኝ ነበር። ያን ጠዋት “ገና ነው” የሚለኝ ሰው አልነበረም። አስገባሁት፤ ከዚያም አላወጣሁትም።

ከዚያ ጨዋታውን ብቻዬን አየሁት። ዋናው ሯጭ ጉልበቱ የተሰበረው በሳምንቱ ነው፤ ያን ዕለት ገና ጤነኛ ነበርና ኦትስ ኳስ አልነካም። ጨዋታው ሲጨንቅ ግን ገባ። ከግራ በኩል አንድ ግዙፍ ሰው ወደ ወርዋሪው ተወረወረ። ኦትስ ትከሻውን ሰጠው፣ ሁለቱም ወደቁ፣ ወርዋሪው ቆሞ ቀረ፣ ኳሱም በረረ። ሰው ሁሉ ኳሱን ተከትሎ ጮኸ። ተንታኙ የወርዋሪውንና የተቀባዩን ስም ጠራ። ኦትስ ብቻውን ተነስቶ የራስ ቁሩ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፈና ወጣ። ስልኩ ላይ ነጥቡ ዜሮ ነበር።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ግድግዳውን ከእኔ በኩል ደበደብኩት።