ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተተከለ አናናስ

ዛሬ ሰኔ ሃያ አራት ቀን ነው፤ ዕድሜዬም ሰባ ስድስት ዓመት ከአራት ወር። ጉልበቴ ከማተሚያ ቤታችን ደረጃ ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷልና ይህን ንግግር የምታነብላችሁ ባለቤቴ ናት። በመካከሉ የራሷን ሐሳብ ብታስገባ ተጠያቂው እኔ አይደለሁም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምንሸኛት እህታችን፣ ሁላችንም «አራት ነጥብ» የምንላት አራሚያችን፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደ ክፍላችን የገባችበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። እኔ ያን ጊዜ ዋና አዘጋጅ ነበርሁ፤ ወጣቷን ላስደንቃት ብዬ አዲስ የጻፍሁትን መቅድም ሰጠኋት። አድናቆቷን ስጠባበቅ፣ እኩለ ቀን ላይ መጥታ በትሕትና ቆመች። «ጋሼ፣ ቀይ ቀለሙ አለቀብኝ፤ ሌላ ይሰጡኛል?» አለችኝ። ወረቀቱን ባየው ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሏል። ይባስ ብሎ እርማቷ ሁሉ ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከብዕሯ ያመለጠ የለም። የሻይ ቤቱ የዋጋ ሰሌዳ ሳይቀር ታርሟል። የሒሳብ ሹማችን የሠርጉን ጥሪ ካርድ ሲሰጣት እልል ብላ ተቀበለችና በማግስቱ ስሕተቱን ለቅማ መለሰችለት። ምስኪኑ ካርዱን እንደገና አሳትሞ፣ «እንኳን ሙሽራዋን አላረመችብኝ» ሲል የሰማን አለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአናናሱ ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ መጽሐፍ ለኅትመት ሲሰናዳ፣ ደራሲው «ቤት ውስጥ የበቀለ አናናስ ከገበያው ይበልጥ ይጣፍጣል» ብሎ ነበር። አራት ነጥብ ከጎኑ «ማን ቀመሰው?» ብላ ጻፈችበት። ደራሲው ተቆጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ለመናት፤ ጡረታ የወጣሁትን እኔንም ለማስታረቅ ጠሩኝ። ነገር ግን አንዳችንም ቀምሰን አናውቅም። ዓረፍተ ነገሯ ተሰርዛ መጽሐፉ ታተመ። እርሷ ግን በዚያው ሳምንት ከገበያ አናናስ ገዝታ፣ ፍሬውን በልታ፣ ቅጠላሙን አናት ቤቷ ተከለችው። መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም እውነቱን አውቃ ልትፈርድ።

የመጀመሪያው በሰበሰ፤ የፍሬው ሥጋ ሳይጠራ ነበርና የተተከለው። የሁለተኛውን የታች ቅጠሎች ገፍፋ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አቆይታ ተከለችው፤ ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ሰላምታችሁ ሁሉ ስለ ቅጠሉ ሆነ አሉ። እሾሁ መጋረጃዋን ቀደደ፤ አልጋዋን ከመስኮቱ አርቃ ፀሐዩን ለእርሱ ለቀቀች። አላብብ ሲላት የበሰለ ፖም አጠገቡ አድርጋ በላስቲክ ከረጢት ሸፈነችው፤ የፖሙ ትንፋሽ አበባ ይጠራል ብላ። ልጇ ይህን በስልክ ሰምታ፣ «እማዬ፣ እኔን እንኳ እንዲህ አላባበልሽኝም» ብላታለች። አበባው ከቅጠሉ መካከል ቀላ ብሎ ብቅ ባለ ቀን ልጅ የተወለደልን ነው የመሰለን።

ጭንቁ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አራት ነጥብ ነገ ጠዋት የልጅ ልጇን ልታቅፍ፣ ብርድ ወደሚበረታበት ሩቅ ከተማ ትሄዳለች። ቤቷን ስትለቅ አናናሱን ከነማሰሮው አደራ ሰጠችኝ፤ ፍሬው ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ ነበር። አናናስ ደግሞ እንደ ሙዝ አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም። ትናንት ደውዬ ምን ላድርግ ብላት፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ጥሬውን እንዳይቆርጡት። እኔ ባልቀምሰው ምንም አይደል፤ ሲደርስ እናንተ ቅመሱና ንገሩኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ግን «ምንም አይደል» አይልም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተጣራች፤ «ሽታው እኮ እዚህ ድረስ መጣ፤ ምን ትጠብቃለህ?» ሮጥሁ፤ በዚህ ጉልበት ሮጥሁ። ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወጣ የሰነበተው ቢጫነት እስከ አናቱ ደርሷል። ቆረጥሁት።

እህቴ፣ አሁን ላንቺ ነው የምናገረው። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ብዕሬን ሲያመሰግኑልኝ ኖረዋል። ካመሰገኑት ውስጥ ስንቱ ያንቺ እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን፤ አንድ ቀን ስንኳ አንሥተሽብኝ አታውቂም። ያላረጋገጥሽውን እውነት ነው ሳትይ ሠላሳ ዓመት ከእኛ ጋር መኖር ቀላል አልነበረም፤ ለእኛም ቀላል አልነበረም። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ እዚህ ጋ ታቁምና ዘንቢሏን ትክፈት። ፍሬው ከጡጫዬ እምብዛም አይበልጥምና ለሁላችሁም ባይዳረስ አትቀየሙኝ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አራት ነጥብ ትውሰድ፤ እስክትውጥም ማንም አይጠይቃት። ጎምዛዛ ከሆነ ጎምዛዛ በይ፤ ድካማችንን አይተሽ እንዳታደዪለት። ከግንዱ ጎን የበቀለው ቡቃያ እኔ ዘንድ ይቀራል።

አሁን ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ። ለአራት ነጥብ! መንገድሽ ይቅና፤ የልጅ ልጅሽ በጉልበትሽ ላይ ይደግ፤ ዓይንሽ አይድከም፤ የምትገቢበት ቤት መስኮቱ ፀሐይ አይጣ።

እኔ ስልኩ አጠገብ ሆኜ ፍርድሽን እጠብቃለሁ። ይህንንም ጽሑፍ አሽጌ፣ ከባለቤቴና ከፍሬው ጋር ልኬአለሁ።