በደሳለኝ ካሴት ላይ የቀዳሁት ዘፈን

እኛ በጎረመስንበት ጊዜ ዘፈን እንዲህ በየኪሱ አልነበረም። እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ስልኩን ነካ ስታደርጉት ይዘፍናል፣ ደግማችሁ ስትነኩት ዝም ይላል። ያኔ ዘፈን ይጠበቃል። ሬዲዮው መቼ ይለቀው ይሆን እየተባለ ይጠበቃል። ይሄ ሞላ አሁን የነገረሽ እውነት ነው፣ አንድ ዘፈን ለመስማት ብሎ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የሰው ደጅ ቆሞ ውሏል፣ አጠገቡ ቆሜ ነበራ፣ አይቻለሁ። ታዲያ እሱ ተናገረና ሳቃችሁ፣ አሁን ደግሞ «የርስዎስ የትኛው ነበር፣ ጋሼ?» ትይኛለሽ። የኔማ አለ። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሲዘፈን በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥሁበት ተነስቼ ስወጣ ነው የኖርሁት። ሰርግ ላይ ተነስቼ ወጥቻለሁ፣ አውቶብስ ውስጥ ሆኜ መውረጃዬ ሳይደርስ ወርጃለሁ። ሞላ፣ አንተ ትዝ ይልሃል፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው» ትል ነበር።

ስልክሽ ይቅዳ፣ አትዝጊው። ደክሞኛል ስንዱ፣ ስድሳን ካለፍሁ ወዲህ ሁሉም ነገር ያደክመኛል፣ ይሄ ነገር ግን ገና በሃያ ዓመቴ ያደከመኝ ነው። የወንድሜ ልጅ ነሽ፣ ካንቺ የቀረበ ማን አለኝ፣ ዛሬ ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ያኔ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ከአምበር ስንቄን ተሸክሜ እየመጣሁ ደብረ ማርቆስ እማር ነበር፣ የማድረውም ጋሽ ታፈረ ከሚባል ልብስ ሰፊ ጓሮ ነው። ጋሽ ታፈረ ታዲያ ቴፕ ነበረው፣ ከነሬዲዮው የሆነ፣ ዳንቴል ለብሶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ። ከልብስ ስፌት መኪናው ይልቅ እሱን ይወደው ነበር። ካሴት ለማጠንጠን ቁልፉን ስነካበት፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሻው፣ በማሽኑ አታጠንጥን ብዬሃለሁ፣ ሞተሩ ይደክማል፣ እስክሪብቶ የለህም?» ይለኛል። እና በእስክሪብቶ ነው የምናጠነጥነው፣ ካሴቱን አንጠልጥለን እያሽከረከርን።

አባትሽ ደሳለኝ ያኔ ወታደር ነው፣ ሰሜን ነው ያለው። አንቺ ገና በእናትሽ ሆድ ነሽ። እማማ ደግሞ ፊደል አትለይም፣ ደብዳቤ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው የሚያነብላት፣ የምትሰማውም ያንን ያነበበውን ሰው ነው እንጂ ልጇን አይደለም። ታዲያ ደሳለኝ ይሄን አስቦ ካሴት ላይ ተናግሮ ፈቃድ ለሚወጣ ጓደኛው አስይዞ ላከላት። ብዙ ወታደር እንዲህ ያደርግ ነበር ያኔ። አምበር ደግሞ እኛ ቤት ቴፕ የሚባል ነገር ስለሌለ ካሴቱ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣ እና እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ ገበያዋን ትጨርስና ጋሽ ታፈረ ሱቅ ትገባለች። ሸክሟን ደጃፉ ላይ ታወርድና ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ትላለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ከዚያ «በል፣ አናግርልኝ» ትለኛለች። ክፈትልኝ አትልም፣ አናግርልኝ ነው የምትለው።

እኔም ከፍታለሁ። እሱም ይጀምራል፦ «እማ፣ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ደግ ነኝ። አገሩ ነው እንጂ የሞቀብኝ እኔ ደግ ነኝ። ይርገዱ፣ አንቺስ ደግ ነሽ? በሆድሽ ያለውን ደህና አድርገሽ ያዥልኝ፣ ስሙን እኔው መጥቼ ነው የማወጣለት፣ ማንም እንዳይቀድመኝ።» እንዲህ ይላል። እናትሽን ነው እንግዲህ፣ በሆድሽ ያለው ያላትም አንቺን ነው። እማማ ደግሞ ትመልስለታለች፣ ለካሴቱ። «እኔ ደግ ነኝ ልጄ፣ ደግ ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትለዋለች። ጋሽ ታፈረ መስፋቱን ያቆማል። ካሴቱ እስኪያልቅ አይሰፋም፣ ደምበኛ እንኳ ቢመጣ በእጁ ዝም በል ይለዋል።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። የዚያን ሰሞን አንድ ዘፈን ወጣ። ስለ አንዲት ወንዝ ማዶ ስላለች ሴት ነው የሚለው፣ መጀመሪያ ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ይገባና ከዚያ ዘፋኙ ልጅ ይቀበለዋል፣ ድምፁ ልብን ይዞ የሚሄድ ነበር። የዘፈኑ ካሴት ማርቆስ አልደረሰም። ሬዲዮ አልፎ አልፎ ነው የሚለቀው፣ እና የሰማው ላልሰማው ያወራለታል። ሞላ ሰምቶታል፣ እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዝሁት። አንዴ የሰማሁትን ግማሽ እያንጎራጎርሁ ሒሳብ መሥራት አቃተኝ፣ ምን ልበልሽ፣ ታምሜ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እማማ እንደልማዷ ሰማችና ልትነሳ ስትል «ጋሻው፣ ካሁኑ ወደ መጀመሪያው መልሰው፣ ሳምንት ስመጣ እሱን ስትጠመዝዝ መንገዱ ይመሽብኛል» አለችኝ። ሌላ ጊዜ እሷ ከመጣች በኋላ ነበር የማጠነጥነው። እና እሷን ሸኘሁና ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በእስክሪብቶ አጠነጠንሁት፣ እስከ መጀመሪያው። ሞላ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ስለዚያው ዘፈን ያወራልኛል፣ እኔ አፍ አፉን እያየሁ እጄ ያሽከረክራል። እጄ ምን እንደሠራ ልቤ አላወቀውም። እጨርስና አስቀምጠዋለሁ፣ እረሳዋለሁም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ ታፈረ ልኬት ሊወስድ ወጥቶ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ። ሬዲዮው ተከፍቷል። የሬዲዮው ሰውዬ «አሁን ደግሞ» ብሎ የዘፋኙን ስም ጠራ። ዘለልሁ። ባዶ ካሴት ፈለግሁ፣ የለም። የጋሽ ታፈረን ካሴት ብነካ ይገድለኛል። የደሳለኝ ካሴት አለ። ደሳለኝ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ብዙ ባዶ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፣ ቅዳሜ ተሰምቶ እዚያው መጨረሻው ላይ የቆመ መሰለኝ። እኔው በገዛ እጄ መመለሴን ረሳሁታ። ከተትሁትና ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንሁ። ስንዱ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳክስፎኑ ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳ ተደግፌ ነው የሰማሁት፣ እና ዘፈኑ ሲያልቅ ጠቅ አድርጌ አቆምሁት። ያን ያህል የተደሰትሁበት ቀን ከዚያም በኋላ የለኝም ብልሽ አልዋሽሽም።

መልሼ ልስማው ብዬ ከፈትሁት። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር አለ። ሲያልቅ ጠቅ አለና «...ጥጃዋን አትሽጧት» አለ፣ ደሳለኝ። ከመካከል። «ጥጃዋን አትሽጧት፣ እናቷ ጥሩ ታላቢ ነበረች» ይላል። እማ የሚለው የለም። ይርገዱ የሚለው የለም። በሆድሽ ያለው የሚለው የለም። ወደ ኋላ ብል ዘፈን፣ ወደ ፊት ብል ጥጃ። እዚያው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጥሁ።

ቅዳሜ ደረሰች፣ እማማም መጣች። «በል፣ አናግርልኝ» አለች።

«ቴፑ በላው እማ» አልኋት።

«በላው? ምኑን በላው?»

«ክሩን። ተጠምጥሞ ተበጣጠሰ።»

«ምንም አልተረፈ?»

«ምንም» አልኋት።

እዚህ ላይ ነው እኔ ሰው ያልሆንሁት። ዘፈኑን በላዩ መቅዳቴ ስህተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ተርፎ ነበር እኮ። ግማሹ የልጇ ድምፅ አለ፣ ጥጃው አለ፣ ስለ ጓደኞቹ ያወራው አለ፣ ደህና ሁኑ ያለው አለ። ግን ያንን ላሰማት ብል መጀመሪያ ዘፈኑ ይወጣል፣ ጋሽ ታፈረም እዚያው ተቀምጧል። አፈርሁ። ስለዚህ ሁሉንም ከለከልኋት። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሳጥኔ ግርጌ ከተትሁት።

እማማ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንተ እኮ በቃልህ ታውቀዋለህ። በል እንደሱ ሆነህ በለኝ» አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ደሳለኝ ወፈር አድርጌ «እማ፣ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ደግ ነኝ» አልኋት። «እኔ ደግ ነኝ ልጄ» አለችኝ። መለሰችልኝ፣ ለኔ። ጋሽ ታፈረ መስፋቱን አቆመ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ነው። አስተምር ብለው አምበር ሲመድቡኝ ደግሞ ቤት ውስጥ ሆነ። አንቺም ተወለድሽ፣ እናትሽ አዲስ ትዳር ስትይዝ አንቺ ከእማማ ጋር ቀረሽ፣ እና አድገሽ ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ጀመር። ጦርነቱ አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ፣ ደሳለኝ አልተመለሰም። መርዶ የሚያረዳ ሰውም አልመጣ። የነፍስ አባታችን «እንግዲህ ተዝካሩ ይውጣ፣ ነፍሱ ትጠብቃለች» አሏት። እማማ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «አባ፣ ድምፁን በየሳምንቱ እየሰማሁ እንዴት አድርጌ ተዝካር ላውጣ?» አለቻቸው። አባ ዞረው አዩኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንቺ ስምንተኛ ክፍል ስትገቢ ሞተች፣ ተዝካሩን ሳታወጣ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የሁለቱን አንድ ላይ።

አሁን ለምን ነገሩኝ ትይኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ካሴቱን ይዤ የፎቶ ቤቷ ሴትዮ ዘንድ ሄድሁ፣ ካሴት ወደ ፍላሽ ትገለብጣለች ሲሉ ሰምቼ። ሳልሞት ላንቺ ይድረስሽ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ሰምታው «አባቴ፣ መጀመሪያው ላይ ዘፈን አለበት፣ ልቁረጥልዎ?» አለችኝ። ብትቆርጠው እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ያረጀ ካሴት አገኘሁ ብዬ እሰጥሽ ነበር፣ አንቺም ትመርቂኝ ነበር። አፌን ከፈትሁ፣ ከዚያ «ተይው» አልኋት። ደከመኝ ስንዱ፣ ሌላ ውሸት የምሸከምበት ጉልበት የለኝም።

እና ከፈተችልኝ። ዘፈኑ አሁንም ያምራል፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ከዚያ ጠቅ አለና ደሳለኝ መጣ። ስንዱ፣ አላወቅሁትም። ወፍራም ድምፅ አይደለም። ቀጭን ነው፣ ሊስቅ ሲል የሚቆራረጥ፣ ልጅ ነው፣ ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ለእማማ ስናገርላት የኖርሁት የሱን ድምፅ አልነበረም። እኔ ስጎለምስ አብሮኝ ጎልምሷል፣ እኔ ስጎረንን ጎርንኗል፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ ነው። እማማ ይሄን ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።

ይኸውልሽ ፍላሹ። ከዘፈኑ በኋላ አባትሽ አለ። እንግዲህ የምትይኝን በይኝ፣ ብትቆጪም ይገባሻል።

*

ይህን ያጫወተኝ አጎቴ ነው፣ እንደተናገረው ጻፍሁት። ሲጨርስ ፍላሹን ተቀብዬ ኮምፒዩተሬ ላይ ሰካሁት፣ ግን አልከፈትሁትም።

«ጋሼ» አልሁት፣ «እኔ አባቴ ነው ብዬ ያደግሁት ያንን የርስዎን ድምፅ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ልጅ የኔ ታናሽ ይሆናል፣ እንዴት አድርጌ አባዬ እለዋለሁ?»

እሱ ሊከፍትልኝ እጁን ወደ ኮምፒዩተሩ ሰደደ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ይበሉ» አልሁት። «የጠፋውን፣ በሆድሽ ያለው የሚለውን ይበሉልኝ። ከዚያ እሱ ይቀጥል።»