ወፎቹ የማንም አይደሉም

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ርዕሰ መምህር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በዚህ ክፉ ጊዜ ወንበር ደርድራችሁ፣ ሻይ አፍልታችሁ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ። ድግስ እንዳይኖር ለምኜ ነበር፤ እሺ ስላላችሁኝም እንደገና አመሰግናለሁ። ከዚህ አጥር ውጭ ያለውን እያየሁ ጠላና ወጥ ቢቀርብልኝ መቼም በጉሮሮዬ አይወርድም ነበር።

ስለ አስተማሪነቴ የተናገራችሁትን ሰምቻለሁ። ግማሹ ውሸት ነው፤ ግን ደስ ይላል። አስረሳሽ "ተቆጥተው አያውቁም" ስትል ከኋላ የተቀመጡት የድሮ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። እኔ ግን ጡረታ ወጥቼ ወደ ደሴ ከመሄዴ በፊት መናገር የምፈልገው ስለ ወፎቹ ነው።

አዲስ ለመጣችሁት ላስረዳ። እኛ ጥቂት አስተማሪዎችና የእርሻ ቢሮ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሮቢት በታች ወዳለው ረግረጋማ ጨፌ እንወርድ ነበር። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። ክረምቱ ሲወጣ እግረ ረጃጅም የውሃ ዳር ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያርፋሉ። በመረብ እየያዝን እግራቸው ላይ ቢጫ ቀለበት እናጠልቅና እንለቃቸዋለን። ቀለበቱን ከተሰበረ ጀሪካን እየቆረጥን የምንሠራው ራሳችን ነን። አንድ ጊዜ አሰብ፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ እንደኛው ወፍ የሚከታተል ሰው "ቢጫችሁን አየኋት" ብሎ ቢልክብን ባልደረባችን ወይንሸት አለቀሰች። ለወፍ ይለቀሳል? ያኔ ይለቀስ ነበር።

የጨፌው ሰዎች መጀመሪያ ሳቁብን። "መምህር፣ ቀለበት ካሰራችሁላት ሠርጉ መቼ ነው?" ይሉኝ ነበር። ኋላ ግን ነገሩን በራሳቸው ወግ ተረዱት። ራያ ላይ ጆሮው የተበጣ ወይም ጭኑ የተተኮሰ ከብት ባለቤት አለው። ጠፍቶ ቢባዝን እንኳ አይነካም። ቀለበት ያለባትንም ወፍ እንደዚያው ቆጠሯት፤ የሰው ሐቅ ናት። እኛም ዘበኛ ሳንቀጥር ተጠበቁልን ብለን ደስ አለን። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተን "አዎ፣ የኛ ናቸው፣ አደራ" አልን።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ልዘረዝረው አልችልም። ጨፌው ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ስትቀር ወፎቹ እሷን ከበው ተጨናነቁ። በእጅ ይያዙ ነበር። ቀለበት የሌለባቸውን ሰው እየያዘ አረደ። ቀለበት ያለባቸው ግን በተራበ ሰው መካከል ሲራመዱ ይውሉ ነበር። እኛ ደግሞ ታታሪዎች ነበርን፤ ያላሰርንላቸው ጥቂት ናቸው።

ታሂርን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። እርሻው ጨፌው ዳር የነበረ፣ መረባችን ሲበጠስ ቁጭ ብሎ የሚሰፋልን ገበሬ ነው። ልጁ ኡሙሰልማ ታመመች። እህል አልወርድ ሲላት እናቷ ሀሊሜ ትንሽ መረቅ ቢገኝ አለች። ታሂር ወደ ኩሬዋ ወርዶ አንዲት ወፍ ያዘ። ሥጋዋ ምን አላት? እግር ብቻ ናት። ግን ቀለበት ነበረባትና አላረዳትም። በጋቢው ጠቅልሎ ከነነፍሷ ይዟት በእግሩ እዚህ ቆቦ መጣ፤ ባለቤቱን ሊያስፈቅድ።

እኔ ወልድያ ለስብሰባ ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ አሊ ሂድና እረዳት፣ ማን ያይሃል ቢለው፣ አላህ ያየኛል ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። እዚያው አደረ። በማግስቱ ከአውቶቡስ ወርጄ ስመጣ ተነሥቶ ጋቢውን ገለጠልኝ።

"መምህር አራጌ፣ ሐላል በሉኝ።"

"የማንም አይደለችም ታሂር። ውሰዳት።"

"የማንም ካልሆነች ምልክቱ ምንድን ነው?"

"የት እንደምትሄድ ለማወቅ ነው" አልኩት።

ወፏን መልሶ በጋቢው እየጠቀለለ "እኛ የት እንደምንሄድስ ማን ያውቃል?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ መምህር ያውቃል ብሎ ነው የጠየቀኝ። እናንተስ ምን ትመልሱለት ነበር?

ቤቱ ሲደርስ ኡሙሰልማ ተቀብራለች። ወፏን መልሶ ኩሬዋ ዳር ለቀቃት። ይህን የነገረችኝ ሀሊሜ ናት፤ ለሰፈራ ከሚጫኑት ጋር ተሰልፋ እዚሁ ቆቦ ሳገኛት። ወዴት ነው የሚወስዷችሁ ብላት አታውቅም። ታሂር ከጎኗ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

ጓድ ርዕሰ መምህር፣ ንግግሬን ላሳምረው ነበር፤ አልሆነልኝም። ወይንሸት ሥራው ይቀጥል ትላለች። እሷ ወጣት ናት፣ ትችል ይሆናል። እኔ ግን ተስፋዬ ተሟጧል፤ ያለኝ ለመምሰልም አቅም አጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሌላ ቀለበት ከማሰራችሁ በፊት ነገ ጠዋት ወደ ጨፌው ውረዱ። በየመስጊዱ በር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማችሁ ወፎቹ የማንም አይደሉም፣ ሐላል ናቸው በሉ። ዛሬም እዚያ ቢጫ ያጠለቁ ወፎች አሉ። ዛሬም እያያቸው የሚያልፍ አባት አለ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ፈጣሪ ዝናቡን ይመልስላችሁ። የወለዳችሁትን አሳድጋችሁ ለወግ ለማዕረግ አብቁ። ያልወለዳችሁ ውለዱ። የታመመባችሁ ይዳንላችሁ፣ መንገድ የወጣባችሁ በደህና ይግባላችሁ። ያስተማራችሁት ልጅ ሰው ሆኖ ይጡራችሁ። አሜን በሉ።

ደሴ ሆኜ የወፍ ወሬ አልጠብቅም። ከመካከላችሁ ታሂርና ሀሊሜ የት እንደደረሱ የሚሰማ ካለ ግን፣ እባካችሁ ይንገረኝ።